ቤተሰቡ በሙሉ ካዚኖ ላይ?

ከላስ ቬጋስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ አናደደኝ። በአንቺ አይደለም።

ለአንባቢ ባጭሩ፦ 22 ዓመቷ ነው። ሃይስኩል የጨረሰችው በ2021 ነው (በፈረንጆቹ)፤ የመጨረሻውን ዓመት አብዛኛውን መኝታ ቤቷ ሆና በላፕቶፕ ተማረች። ውጤቷ ወረደ፣ ዌርሃውስ ገባች። አሁን ኮሌጅ ልጀምር ስትል አባቷ «የካርታ ዲለርነት (ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኞች ካርታ ማደል) ተማሪ፣ ቲፑ ጥሩ ነው» አሏት። እሳቸው ታክሲ ይነዳሉ፣ እናቷ ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ።

ስለ ቲፑ አባትሽ አልዋሹም። ግን 2020ን አስታውሻቸው። ካዚኖዎቹ ማርች ላይ ተዘግተው እስከ ጁን 4 አልተከፈቱም። ኤፕሪል ላይ የኔቫዳ ሥራ አጥነት 30 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የከፋው ነበር። እናትሽ የሚያጸዱት ክፍል ባዶ ሲሆን፣ አባትሽም ከኤርፖርት የሚያመጡት ሰው አጡ። ሁለት ገቢ አለን ስትሉ የነበረው አንድ ገቢ ነበር ማለት ነው። አሁን አንቺ ሦስተኛ ልትሆኚ?

«ኮሮና እኮ አለፈ» ይላሉ አባትሽ። አልፏል። አመላለሱን ግን እዪው። በ2019 ላስ ቬጋስን 42 ሚሊዮን ተኩል ሰው ጎብኝቷል፤ በ2021 የመጣው 32 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የኔቫዳ ካዚኖዎች ከቁማር 13.4 ቢሊዮን ዶላር አስገቡ፤ እስከዚያ ድረስ አይተውት የማያውቁት ገንዘብ ነው። በትንሽ ሰው ይህን ያህል ያገኘ ባለቤት የድሮ ሠራተኛውን ሁሉ ለመጥራት ምን ያስቸኩለዋል?

ኮሌጅ ኦፍ ሳውዘርን ኔቫዳ ግቢ። ሃይስኩል ለጨረሰ በሩ ክፍት ነው። የሕክምና ላብራቶሪ ቴክኒሻን ትምህርቱን እዪው፤ ቱሪስት መጣ ቀረ የደም ምርመራ አይቆምም። እኔም መኪና አቆም ከነበረበት ሆቴል ወጥቼ ላብራቶሪ የገባሁት እንዲሁ ማታ ማታ ተምሬ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ያልሽው ክፉ አይደለም፣ ግን ረጅም ነው።

አንድ ነገር ያለ አባትሽ አይሆንም። ገና 24 ስላልሞላሽ፣ ካላገባሽና ልጅ ከሌለሽ ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) ስትሞዪ የወላጆችሽ የታክስ መረጃ ይጠየቃል። ብዙ የኛ አባቶች «ገቢዬን ማን ሊያውቀው!» ይላሉ። እምቢ ካሉሽ ፔል ግራንቱን፣ ማለትም የማይመለሰውን የመንግሥት የትምህርት ድጎማ፣ የከለከለሽ መንግሥት አይደለም፣ እሳቸው ናቸው። ይህንኑ ንገሪያቸው። በአክብሮት፣ እናትሽ ባሉበት።

ቤተሰባችሁ አዲስ አበባ ለጀመረው ቤት በየወሩ የምታዋጪውን 400 ዶላር ደግሞ አቁሚ። በ2020 የሦስት ወር ኪራይ ውዝፍ ነበረብን ብለሽኛል። ያኔ ያ ቤት ምን ጠቀማችሁ? ሁለት ዓመት ቢዘገይ የትም አይሄድም። ወላጆችሽን ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው።

ውጤትሽ? በዚያ ዓመት ላስ ቬጋስ ባለችበት በክላርክ ካውንቲ ከ300 ሺህ በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ ነው የጀመረው። ሒሳብ ከታች ጀምሪ ቢሉሽ ጀምሪ። «አረፈድኩ» ላልሽው መልስ የለኝም፤ 22 ዓመት ምን አላትና።

ዌርሃውሱን አሁን አትልቀቂ። ፈረቃሽን አስተካክለሽ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ ውሰጂ፤ አንዱ ባዮሎጂ ይሁን። ከመመዝገብሽ በፊት የኮሌጁን አማካሪ ቀጠሮ ያዢና ላብራቶሪው ክፍል ለመግባት የትኞቹ ኮርሶች ቀድመው እንደሚፈለጉ በጽሑፍ ተቀበዪ።