በየትኛው ጠጠር አሸነፋችሁ? ለወጣት የቼስ ተጫዋቾች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ወጣቶች፣

በሒሳብ መምህርነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ቼስ የሚወዱ ብዙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ጨዋታ ሲያልቅ ግን የሚጠያየቁት ማን እንዳሸነፈ ብቻ ነበር። የሰንጠረዥ፣ ማለትም የአገራችን የቀድሞ ቼስ፣ ተጫዋቾች ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ነበራቸው፤ በየትኛው ጠጠር እንደተሸነፈ ይመረምሩ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚሉት ይህ ጨዋታ ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ በኋላ ጠፍቷል፤ የተጫዋቾቹ አስተያየት ግን እንዲጠፋ አልፈልግም።

በአንድ ደር፣ ማለትም ዛሬ ሩክ በምንለው፣ ወይም በአንድ ፈረስ ብቻ ንጉሡን ማት ያደረገ፣ ማለትም ማምለጫ አሳጥቶ የያዘ፣ ሰው ማሸነፉ ባይካድም ጥበብ አሳየ አይባልም ነበር። በሁለት ደር ወይም በደርና በፈረስ ማሸነፍ በጥቂቱ ይሻላል፤ እውነተኛው አድናቆት የሚሰጠው ግን ፈርዝን፣ ፊልንና ተራ መደቆችን፣ ማለትም በዛሬዎቹ ንግሥት፣ ጳጳስና ፖን ቦታ ያሉትን፣ አስተባብሮ ንጉሡን መውጫ ላሳጣ ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህን የመኳንንት ቅንጦት ትሉት ይሆናል። እኔ አልስማማም። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ቢቆምም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል ደግሞ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ስለሚዘል፣ ጨዋታው ምንም ያህል ቢረዝም ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጠጠር ማት ለማድረግ የሚሻ ሰው፣ ንጉሡ በመጨረሻ የት መያዝ እንዳለበት ገና ብዙ ጠጠር በገበታው ላይ ሳለ አስቦ ቀስ በቀስ ወደዚያ መንዳት አለበት። ሊቃውንቱ ያደነቁት ይህን አርቆ ማየት ይመስለኛል።

ብቻውን የቀረ ንጉሥም ማት አይደረግም ነበር። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ተጫዋች ድሉን በገዛ እጁ ያጣል፤ ለተጋጣሚው የሚተወውን ጠጠር እንኳ መምረጥ ይኖርበታል። በዛሬው ቼስ የሚጎድለኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ጅማሬውም የተለየ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ብልሆቹ የተጋጣሚያቸውን እጅ እያዩ የራሳቸውን አሰላለፍ ይለዋውጡ ነበር። እናንተም ለመፍጠን አትቸኩሉ፣ ተመልከቱ።

ለመሞከር ልዩ ገበታ አያስፈልጋችሁም፤ የቀድሞው ገበታ ብዙ ጊዜ መስመር የተሠመረበት ቀይ ጨርቅ ስለነበር ጥቁርና ነጭ ቤት እንኳ አልነበረውም። ባላችሁ የቼስ ዕቃ ንግሥቲቱን እንደ ፈርዝ፣ ጳጳሱን እንደ ፊል አጫውቱ፣ መደቅንም ከመነሻው ጀምሮ አንድ ቤት ብቻ አራምዱ። ከንጉሡ ጋር የቀረው ብቸኛ ጠጠር መደቅ ከሆነ ማት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይለያዩ ነበርና፣ ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ከተጋጣሚያችሁ ጋር ተስማሙ።