የቆየ ብር ለማስታወሻ፣ የቆየ ብር ለስጦታ፦ ጥያቄና መልስ

የወረቀት ብር መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አብዛኛውን ያገኘሁት ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና በእግሬ እየዞርኩ ነው። ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጋሼ፣ ከእናቴ ሳጥን የጃንሆይ ምስል ያለበት አንድ ብር አገኘሁ። ስንት ያወጣል?

በመጀመሪያ አትጠበው፣ አትተኩሰው። ከዚያ የባንኩን ስም አንብብ። «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» ካለ ቀደምት ነው። «ብሔራዊ ባንክ» ካለ ከ1950ዎቹ መጨረሻ በኋላ የታተመ ነው። ቀጥሎ ፊርማውን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣውን መጀመሪያ የፈረመው አሜሪካዊው የባንኩ ገዥ ጆርጅ ብሎወርስ ነው። መልኩ አንድ ሆኖ ሌላ የባንክ ገዥ የፈረመበትም አለ። ሰብሳቢ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚገዛው። አንድ ነገር ደግሞ አስተውል፦ በአማርኛ «ብር» ይላል፣ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይላል።

ዋጋውን የሚወስነው ግን ይዞታው ነው። አንድ ብር በሁሉም እጅ የዞረ ስለሆነ የታጠፈና የተቀደደ በብዛት ይገኛል። ያልታጠፈ፣ ጥርት ያለ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን የሚሊዮን ብር ወሬ አትመን። ያ ሻጭ የጠራው ዋጋ ነው፣ ገዢ የከፈለው አይደለም።

እንዳይበላሽ ላሚኔት ላስደርገው?

እባክህ፣ በፍጹም! በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ቤተሰብ ሃምሳ ዓመት በጥንቃቄ ያቆየውን ብር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በሁለት ደቂቃ ሲያበላሸው አይቻለሁ። ስኮችም እንዲሁ ነው፣ ቢጫ ጠባሳ ይተዋል። ከፒቪሲ የተሠራ ለስላሳ ላስቲክም ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል። የሚሻለው የፖሊስተር ከረጢት ነው። እሱ ከጠፋ ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርገህ መጽሐፍ ውስጥ አስተኛው። ክረምት ላይ ከግድግዳ አርቀው፣ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ፍሬም አድርገህ ከሰቀልከው ደግሞ ፀሐይ አያግኘው።

ጓደኛዬ ልታገባ ነው። ምን ዓይነት ብር ልስጣት?

ከሕይወቷ ጋር የሚገናኝ። በ1989 ዓ.ም. ከተወለደች፣ በዚያው ዓመት ቁጥር የታተመ ብር አለ፤ ኤርትራ ናቅፋን ባወጣችበት ሰሞን የተቀየረው ነው። አሥር ብሩን እመርጥልሻለሁ፣ ስፌት የምትሰፋ ሴት አለችበት። ለእናትና አባት ከሆነ የደርግን የ1969 ብር ፈልጊ። እኔ ለአጎቴ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለበትን ዓይነት ብር ሰጥቼው ነበር። ብሩን ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ያን ወሬ ከዚያ በፊት ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ከሁሉም ብርቁ የቱ ነው?

በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ያወጣው ኖት። የዛሬው አቢሲንያ ባንክ ሌላ ነው። ሕዝቡ ያኔ የሚያምነው ከብር ማዕድን የተሠራውን ሳንቲም፣ ማርትሬዛን ነበር! ወረቀቱ ብዙም አልዞረም፣ ስለዚህ የተረፈው ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በእጄ ይዤ አይቻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከአሜሪካ አክስቴ ባለ ሁለት ዶላር ላከችልኝ። ብርቅ ነው?

ዛሬም ሕጋዊ ገንዘብ ነው፣ አሁንም ይታተማል። አረንጓዴ ማኅተም ያለው እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ የመጣው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዶላር አይበልጥም። ቀይ ማኅተም ካለው ግን የቆየ ነው። የሆነ ሆኖ አክስትሽ የላከችው ነው፣ አትመንዝሪው።

የዚምባብዌው መቶ ትሪሊዮን ዶላርስ?

ለስጦታ ደስ ይላል። ወርቃማ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ግን እውነተኛው አይደለም፣ ለጌጥ የተሠራ ነው።

የት ልግዛ?

ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ቸርችል ጎዳና ያሉ የማስታወሻ ዕቃ ሱቆች ጀምር። ማስመሪያ ይዘህ ሂድ። እኔ አንዴ ጠርዙ በመቀስ የተከረከመ መቶ ብር እንደ አዲስ ተሸጦልኛል። ቤት ስለካው ከሌላው በሁለት ሚሊሜትር አጥሮ አገኘሁት። ወደ ብርሃን አንስተህም እይ፣ የተጣበቀ ስንጥቅ ያኔ ይታያል። የቆየውን ከአገር ልታወጣ ካሰብክ ደግሞ አስቀድመህ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ።

በ2013 የተቀየረው አሮጌው መቶ ብር ቤቴ ቀርቷል።

የመቀየሪያው ሦስት ወር አልፏል። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ ያለበትን ጀርባ ለልጆችህ አስቀምጥላቸው።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። በምን ላስጀምራት?

የልጁ ፎቶ ባለበት አንድ ብር። ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ አለ፣ ዋጋውም አይከብድም። የመጀመሪያውን ከሱቅ አትግዢላት፣ ከአያቷ ትለምን። ከማን እንዳገኘችው፣ አያቷ በዚያ አንድ ብር ምን ይገዙ እንደነበር ጠይቃ ትጻፍ። በእርሳስ፣ በሌላ ወረቀት። ብሩ ላይ እንዳትጽፍ ብቻ።