የጓያ ሽባነትና ቤት ለቤት የዞሩት የነርቭ ሐኪም

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙ በማይርቅ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የአክስቴ ልጅ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እህል በታጣበት አንድ ዓመት እግሩ በድንገት ተሳስሮ እስከ ዛሬ በሁለት ከዘራ ይሄዳል። ጎረቤቱ «ጓያ ሰበረው» ይላል፤ አክስቴ ግን የጓያ ንፍሮ ሲቀቀል እንፋሎቱ መትቶት ነው ብለው ያምናሉ። አሁን ሊያገባ ሲል የልጅቷ ቤተሰቦች «በዘር ይተላለፋል» ብለው አመነቱ። ይህን በሽታ ከአገራችን ሐኪሞች በወጉ ያጠና ሰው አለ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለች ተማሪዬም የነርቭ ተመራማሪ መሆን እንደምትፈልግ ነግራኛለችና መንገዱን ቢጠቁሙን።

መልስ፦ ሠርግ የሚጠብቅ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። የጓያ ሽባነት በዘር አይተላለፍም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሊያዝ መቻሉ ሰውን ቢያሳስትም፣ ምክንያቱ ቤተሰቡ ከአንድ ድስት ጓያ መብላቱ ነው። እንፋሎቱም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነው።

በሽታውን ከአገራችን ሐኪሞች በስፋት ካጠኑት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይገኙበታል። ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከዓባይ ማዶ በፎገራና በደምቢያ ቤት ለቤት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ቤት ለቤት መዞሩ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ በጓያ የተሰበረ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ስለማይመጣ ነው፤ በሆስፒታል መዝገብ ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ በሽታው የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሕመምተኛው ጉልበቱን አጥፎ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያጠላለፈ ይራመዳል። ሐኪሞች የጉዳቱን ደረጃ የሚለዩትም በከዘራው ነው፦ ያለ ከዘራ የሚሄድ፣ ባንድ ከዘራ የሚሄድ፣ በሁለት የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ። ይህን ለማየት ከደጃፉ መድረስ ግድ ይላል።

እኒሁ ሐኪም በዚያው ዓመት ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት 60,820 ሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ የነርቭ በሽታዎችን ቆጥረዋል፤ የሚጥል በሽታ ከሺህ ሰው 5.2 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ክብሪት ጭሮ ከማሽተት ሌላ እርዳታ አይተው የማያውቁ ብዙ ሕመምተኞች መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም።

የጓያን መርዝ ለይተው ያወጡት ሕንዳውያን ኬሚስቶች ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964፣ ቦታው ባንጋሎር ነው። ኦዳፕ የሚባለው ይህ ንጥረ ነገር፣ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት ስለሚመስል ሕዋሱን ያለ ልክ ያነቃዋል፤ ሕዋሱም በመነቃቃቱ ብዛት ይሞታል። ይበልጥ የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የእግርን ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅሞቹ ናቸው፤ የአክስትዎ ልጅ አእምሮው ንቁ፣ እጁም ሠራተኛ ሆኖ እግሩ ብቻ የተሳሰረው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ለጓዳ የሚጠቅመውን ያገኙት ግን ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ይመስሉኛል። በወሎ ደላንታ ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1997 የተነሣውን ወረርሽኝ ተከትለው ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ጓያን ቆልቶ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ መብላት አደጋውን ሲያበዛው፣ በወጥና በቦካ እንጀራ መልክ ግን ያን ያህል አደጋ እንዳልታየ አመለከቱ። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉም ይከላከላል፤ በእህሎች ውስጥ ያለው ድኝ አዘል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) በጓያ ውስጥ አነስተኛ ነውና። አክስትዎ ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፈው ውኃውን ቢደፉት ከመርዙ ጥቂት የማይባለው አብሮ ይሄዳል። ዋናው ችግር ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለሁለትና ለሦስት ወር ጓያ ብቻ የሚበላበት ጊዜ ነው፤ ዋልካ መሬት ላይ፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንኳ እሱ ይበቅላልና።

የሞተው ሕዋስ ተመልሶ አይድንም፤ ሆኖም ጓያውን ካቆመ በሽታው ብዙውን ጊዜ እየባሰ አይሄድም፤ የእግሩን መገተር የሚያላላ መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናም ስላለ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው።

ተማሪዎን በተመለከተ፣ ጠቅላላ ሕክምናን ጎጃም ሳትለቅ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ መማር ትችላለች። በነርቭ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ ቀድሞ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እንደምታጠና አልጠራጠርም፤ እኔ ስታቲስቲክስን እንዳትንቅ አደራ እላለሁ፤ ከላይ ያነሣኋቸው ሐኪሞች ሥራ ግማሹ መቁጠር ነበር። እስከዚያው ከፈቀዱላት ከአክስትዎ ልጅ ጋር ተቀምጣ፣ በዚያ ዓመት ምን በልቶ እንደነበር፣ ለስንት ወር፣ በምን መልክ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ትጠይቀውና ትጻፍ።