የዘይት ቀለሙ እስከ መስቀል አልቆየም

እህቴ፣ የልጅሽ መኝታ ክፍል ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ በበረኪና ብታጥቢውም ተመልሶ እንደመጣ፣ ልጅሽም ሌሊት ሌሊት እንደሚያስለው ጽፈሽ ምን ይሻላል ብለሻል። እኛም ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ በተከራየነው ቤት ሁለት ክረምት ታግለንበታል። መጀመሪያ ያደረግነው ስሕተት በሐምሌ የዘይት ቀለም መቀባት ነው። እስከ መስቀል እንኳን አልቆየም፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላጠና ከሥሩ ያው ጥቁር ነገር ብቅ አለ።

ከግድግዳው በታች በኩል የሚወጣው ነጭ ዱቄት ብዙ ጊዜ ጨው እንጂ ሻጋታ አይደለም፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ የታፈነ ሽታ ያለው ግን ሻጋታ ነው። ዓይነቱን አስመርምሪ የሚልሽን አትስሚ፤ የትኛውም ቢሆን የሚጠፋው ውሃው ሲቋረጥ ነው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ የለየልኝ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ነው። ግድግዳውን በጨርቅ ጠርጊና ሁለት መዳፍ የሚያህል ፎይል ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀሽ ሁለት ቀን ተዪው። ጠብታው ወደ ክፍሉ በዞረው ፊት ላይ ከታየ ርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፤ ከጀርባው ከሆነ ግድግዳው ራሱ ውሃ ጠጥቷል። የእኛ ጉድ ሁለቱም ነበር።

ቁም ሳጥኑ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጎትተን ስናወጣው ከኋላው የወደቀ የልጃችን ጫማ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ተገኘ። የታጠበ ልብስም የምናሰጣው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ልብሱን ወደ በረንዳ አወጣነው፣ ቁም ሳጥኑን አንድ ስንዝር አራቅነው፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር በርና መስኮት ከፈትን። ከመምሸቱ በፊት ግን ዝጊ፤ የወባ ትንኝ ባለበት ከተማ አንዱን ስናድን ሌላ እንዳንጠራ።

የግድግዳው ጉዳይ ይብሳል። የግቢው አፈር ከዓመት ዓመት ሲደለደል ከወለላችን በላይ ሆኗል፤ አሸንዳውም ተቀድዶ የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያው ሥር ይወርዳል። አከራያችን «ክረምቱ ሲያልፍ ይደርቃል» አሉን። በመጨረሻ እኛው ጠግነን ከኪራዩ ተቀነሰልን፤ አንቺ ግን ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጊው፣ በቃል ተስማምተን ብዙ ተጨቃጭቀናል። አፈሩንም ከወለሉ በታች እስኪሆን ቆፍረን ውሃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ ቀደድን።

ማጽዳቱ ከዚህ በኋላ ነው። ልጁን ሌላ ክፍል አስተኚው፤ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ጓንት አድርጊ። ደረቁን አትፈቅፍቂ፣ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል፤ በሳሙና ውሃ አርሰሽ ፈግፍጊና አድርቂው። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፣ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። የሻገተ የስፖንጅ ፍራሽ ታጥቦ አይድንም፤ ያንገበግባል፣ ግን ጣዪው።

ጎረቤት «ከሰል አቀጣጥለሽ አስገቢበት፣ ያደርቀዋል» ማለቱ አይቀርም። አደራ! ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ሳሉን በተመለከተ፣ ርጥበትና ሻጋታ አስምን እንደሚያባብስ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ገልጿል። ስለዚህ ግድግዳው እስኪደርቅ አትጠብቂ፣ ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭ ወይም የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ዛሬውኑ ውሰጂው።

የእኛ ግድግዳ እስኪደርቅ ጥር ገባ። እስከዚያ ቀለም አላስነካነውም። ሲደርቅ የዘይት ቀለሙን ትተን ኖራ ቀባነው፤ ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም። ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል፣ ልጃችንም አሁን ትምህርት ቤት የሚሄደው ጀርባው ነጭ ሆኖ ነው።