ጃጓር ኤክስኬ8 ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «በፈረንጅ 1998 የተሠራ ጃጓር ኤክስኬ8፣ ከኤምባሲ ሰው የወጣ፣ አዳማ ላይ በቪትዝ ዋጋ አገኘሁ፤ ልግዛው?» ብለሃል። እኔም እዚሁ አዳማ ያንኑ ሞዴል ነው የምነዳው። መኪናውስ ሸጋ ነው፤ ሰውን የሚያስለቅሰው ወረቀቱ ነው።

1. ቀረጥ። የኤምባሲ ሰው መኪና ከቀረጥ ነፃ ነው የሚገባው። ደላላው «ሊብሬው ንጹህ ነው» ቢልህ እንዳትሰማው፤ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም መኪናው ሲገባ ለጉምሩክ የቀረበውን ወረቀት፣ እና የቀረጥ ደረሰኙን በዓይንህ እይ። የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገለና ሲሲው ትልቅ የሆነ መኪና ላይ አይራራም፤ ይሄ ደግሞ ባለ 4 ሺህ ሲሲ፣ ስምንት ሲሊንደር ነው። ካልተከፈለበት በነፃም ቢሰጡህ አትንካው።

2. ቀብድ ሳትሰጥ መኪናው ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። ፊደልና አኃዙ አንድ ላይ 17 ነው፤ በኤስ ኤ ጄ ይጀምራል። የእኔ ሊብሬ ላይ ጸሐፊው ዜሮዋን የእንግሊዝኛ ኦ አድርጎ ጽፏታል። ስም ላዛውር ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «አይገጥምም፤ ቀጣይ!» አለች። ሻንሲ ቁጥር ውስጥ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡም፤ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው ብዬ ባስረዳ «ልታስተምረኝ ነው እንዴ?» ሆነ መልሱ። አለቃዋ መጀመሪያ ከተመዘገበበት ቢሮ ደብዳቤ አምጣ አሉ። እዚያ ስደርስ ፋይሉ የለም፤ ፋይሉ ሲገኝ ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ለሻይ የሚለው ሰውዬም ኮሪደሩ ላይ አልጠፋም። አንድ ብር አልሰጠሁትም! ሻንሲው ላይ ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ አሸሁት፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጣ። ያንን ይዤ ስገባ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ዜሮዋን ከሌሎቹ ዜሮዎች ጋር አስተያይተው «ዜሮ ናት፣ ልጁን ለምን ታንገላቱታላችሁ» ብለው ፈረሙ። ልጅቷ እስካሁን ይቅርታ አላለችኝም።

3. ሞተሩ። በፈረንጅ እስከ 2000 አጋማሽ የተሠሩት የሲሊንደራቸው ውስጠኛ ግድግዳ ኒካሲል በሚባል ነገር የተለበጠ ነው፤ ድኝ የበዛበት ቤንዚን ይበላዋል። ስለዚህ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ አስለካ። ሞተሩ ውስጥ ያለው የካቴናው (የሰንሰለቱ) መወጠሪያም የድሮው ከሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ከተሰበረ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት። «ተቀይሯል» ካሉህ የሞተሩን የላይ ክዳን አስከፍተህ ብረት መሆኑን እይ። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው የቴርሞስታቱ ቤትም ፕላስቲክ ነው። በአዳማ ሙቀት ባጃጅ ለባጃጅ ስትጎተት ይሰነጠቅና ውሃው ይፈስብሃል፤ የእኔን ቀድሜ በአሉሚኒየም አስለውጬ ተገላገልኩ። የካንቢዮው ዘይት «የዕድሜ ልክ ነው» የሚሉህን አትስማ፤ አስቀይር።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወርደህ ጊዜህን አታጥፋ፤ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። ከ2016 ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለቀረ፣ ሌላ አስመጥቶ ዕቃውን መፍታትም አይታሰብም። ሰፈርህ ኮብልስቶን ከሆነ ደግሞ ሆዱ ዝቅተኛ ነው፣ ይፋቃል። ፈጣን መንገዱ ላይ ግን፣ እመነኝ፣ ሌላ ዓለም ነው።

የሊብሬውን ፎቶ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አይልሃለሁ። እስከዚያ ደላላው «ሌላ ገዢ መጣ» እያለ ቢያጣድፍህም ቀብድ እንዳትሰጥ።