ደንጌና የማይታየው መድማት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ደንጌ (በትንኝ የሚተላለፈው የትኩሳት በሽታ) የያዘው ሰው የሚደማው ከአፍንጫና ከድድ ነው አይደል?

መልስ፦ እሱማ ይታያል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የማይታየው ነው። ጣፊያ ሊቀደድ ይችላል። ያኔ ሆድ በድንገት ያማል፤ አንዳንዴ ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። ብዙ ያሳለው ወይም ያስመለሰው ሰው ደግሞ የሆዱ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ትርፍ አንጀት ሊመስል ይችላል፤ ተጠንቀቁ። ሳንባ፣ ዓይንና አንጎል ውስጥም ይደማል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ቆዳ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ላትኖር ትችላለች።

ስለዚህ ሄማቶክሪትን (ከደሙ ውስጥ የቀይ ደም ሴሎችን ድርሻ) ደጋግማችሁ እዩ። በደንጌ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ከደም ስር እያፈተለከ ስለሚወጣ ቁጥሩ ይጨምራል። ወርዶ ስታዩት ታማሚውን ንኩት። እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ፣ አልተሻለውም። የሆነ ቦታ እየደማ ነው።

ጥያቄ፦ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ሴሎች ቁጥር) 20,000 ገባ። ፕላትሌት ይሰጠው?

መልስ፦ እየደማ ነው? ካልደማ ቁጥር ብቻ አይቶ መስጠት አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሲንጋፖርና የማሌዥያ ጥናት አዋቂዎች ላይ ይህንኑ አሳይቷል።

ሌላ አባል፦ እኛ 10,000 ሲደርስ እንሰጣለን፤ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል።

ሌላ አባል፦ የፓፓያ ቅጠል ጭማቂም ከፍ ያደርገዋል።

ሌላ አባል፦ ቁጥር ከፍ ማለቱ መድማት አቆመ ማለት ነው እንዴ?

መልስ፦ ፓፓያውን እዚህ ላይ እናቁመው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የሚያስፈልገው ደም ነው።

ጥያቄ፦ ትኩሳቱ ጠፋ። አለፈለት ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! አደጋው የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ጥያቄ፦ ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አስፕሪንም ዳይክሎፌናክም አይቻልም። ፓራሲታሞል ብቻ፣ በልኩ። በጡንቻ የሚወጋ መርፌም ይቅር፤ የተወጋበት ቦታ ደም ይቋጥራል።

ጥያቄ፦ ስለ ክትባቱስ?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሆዱን አሞታል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስንተኛ ቀኑ ነው? ያስመልሰዋል? ሰገራው ጠቁሯል? እንዲህ በደፈናው ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ? ደንጌ የያዘው ሰው ሆዱን አጥብቆ ካመመው ቤት አይቀመጥም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ትኩሳት ከሌለውስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ እኮ! ትኩሳቱ የጠፋ ቀን ነው የምፈራው። ተነሺ፣ ውሰጂው።