የመንገድ ፋሽን ጦማሪ ስለ አለባበሴ ሊያወራኝ ቀጠረኝ፤ ምን ይዤ ልሂድ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ዲዛይን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ለዕረፍት አዲስ አበባ መጥተሽ ፒያሳ አካባቢ ስትሄጂ፣ የመንገደኞችን አለባበስ እያነሳ በጦማሩ የሚያወጣ ወጣት አስቆመሽና ፎቶ አነሳሽ። የለበስሽው የአባትሽን አባት ካፖርት ነበር፤ አንገትሽ ላይ ነጠላ ጠምጥመሻል። በሚቀጥለው ሳምንት ቡና እየጠጣችሁ ስለ አለባበስሽ ሊጠይቅሽና ከፎቶው ጋር ሊያወጣው ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ምን ልልበስ፣ ምን ልበል፣ ሥራ ብጠይቀውስ ብለሻል። አባትሽ «ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» ማለታቸውንም ጽፈሻል።

ከልብሱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። አዲስ ልብስ አትግዢ፣ የጓደኛ ውሰትም ይቅርብሽ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ልጁን ያስቆመው ካፖርቱ ነው፤ እሱኑ ወይም እንደ እሱ ታሪኩን የምታውቂለትን ልብስ ልበሺ። ጫማሽ ንጹሕ ይሁን፤ ቁጭ ስትዪ የሚያስጨንቅሽ ነገር አይኑር። በቃ።

ዋናው ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። «የራሴ ስታይል አለኝ፤ ደስ ያለኝን ነው የምለብሰው» የሚለውን መልስ እባክሽ ቤት ተዪው። ማንም ሊለው ይችላል፣ ስለ አንቺም ምንም አይናገርም። አንቺ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ቅድና ስለ ስፌት ለዓመታት የተማርሽ ሰው ነሽ። መንገድ ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ ሰዎች የለበሱት እንደሚያምርባቸው ይሰማቸዋል፤ ለምን እንደሚያምር ማስረዳት ግን ይቸግራቸዋል። አንቺ ትችያለሽ። ወደፊት እንጀራ የሚሆንሽ ሙያ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ የለበስሽውን አይተሽ መናገር መቻልሽ ላይ።

ካፖርቱን እንይ። ጨርቁ ንጹሕ ሱፍ ነው ወይስ ድብልቅ? ገበሩ ተቀይሯል? አያትሽ በልካቸው ያሰፉት ነው ወይስ ተዘጋጅቶ የተገዛ? ትከሻው ይሰፋሽ የለ፤ አስጠበብሽው ወይስ ሆን ብለሽ እንዳለ ተውሽው? ይህን የማታውቂ ከሆነ አባትሽን ጠይቂያቸው። የአባታቸው ልብስ ነውና ከአንቺ የበለጠ ያስታውሱ ይሆናል፤ ስለ ሙያሽ ከእሳቸው ጋር ለማውራትም ከክርክር የተሻለ መግቢያ ነው።

ነጠላው ደግሞ የበለጠ ያስወራል። ክሩ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ? ጥለቱን ማን ሠራው? ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ከሆነ፣ እዚያ ያለው ሽመና ከጋሞ ደጋ ከመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ጋር የተሳሰረ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ተናገሪው። ከዚያም አልፎ ነጠላ አለባበሱ ራሱ ይናገራል። ለሐዘን ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፤ ለቤተ ክርስቲያን አለባበሱ ሌላ ነው። አንቺ እንደ ሻርፕ ስትጠመጥሚው፣ በዚያ ሲያልፉ የሚያዩሽ አንዲት እናት ምን እንደሚያስቡ አስበሽበት ታውቂያለሽ? መልስሽ ምንም ይሁን፣ ከምታወሩት ሁሉ ሰው ልብ ብሎ የሚያነበው ይህን ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ለልምምድ የሚሆንሽ አንድ ነገር አለ። ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሾይቺ አኦኪ እ.ኤ.አ. በ1997 «ፍሩትስ» የተባለ መጽሔት ጀምሮ የቶኪዮን የሃራጁኩ ወጣቶች አለባበስ ለ20 ዓመት ያህል ሲያሳትም ኖሯል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የወጣቱ ዕድሜና ሥራ፣ እያንዳንዱ ልብስ ከየት እንደተገኘ፣ የአለባበሱ ዋና ነጥብ ምን እንደሆነ በአጭሩ ይጻፍ ነበር። ዛሬ እነዚያን ፎቶዎች ማየት ትምህርት የሆነው በዚያ ጽሑፍ ጭምር ነው። አንቺም ለራስሽ እንደዚያ ያለ መግለጫ በአማርኛ ጻፊ። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ከአንገት በላይ የሆነው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይሰማሻል፣ እሱን ሰርዢው።

አባትሽ የሚሉትን አክብደሽ እዪው፤ ልጃቸው ያለ ገቢ እንዳትቀር መስጋታቸው ነው። ስለዚህ ይህን የመንገድ ፋሽን ፎቶ ዘርፍ ያቀኑት ሰዎች ከየት እንደመጡ ንገሪያቸው። ቢል ከኒንግሃም ኒው ዮርክን በብስክሌት እየዞረ መንገደኛውን ከማንሳቱ በፊት ባርኔጣ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አንዲት ሴት ስታልፍ የካፖርቷ ትከሻ አቆራረጥ ዓይኑን ስቦት አነሳት፤ ሴትዮዋ ዝነኛዋ ተዋናይ ግሬታ ጋርቦ እንደሆነች ያወቀው በኋላ ነው። ያ ፎቶ ለኒው ዮርክ ታይምስ በር ከፈተለት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪሞት ድረስም ለጋዜጣው ሠርቷል። ፊቷን ሳይሆን ስፌቱን ያየው በእጁ የሠራ ባለሙያ ስለነበረ ነው። «ዘ ሳርቶሪያሊስት» የተባለውን ጦማር እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ስኮት ሹማንም አስቀድሞ ለዓመታት በፋሽን ሽያጭና ገበያ ሥራ ላይ ነበር። እንግዲህ ዲግሪሽን ጨርሺ። ጦማር ብቻውን ቶሎ ደመወዝ አይሆንም፤ ከሙያ ጋር ሲሆን ግን ሙያውን ያሳይልሻል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ፣ ሥራ ወደ መጠየቁ ልለፍ። በመጀመሪያው ቀን «ሥራ ስጠኝ» አትበይው፤ ብቻውን የሚሠራ ጦማሪ የሚሰጠው የሥራ መደብ የለውም፣ እምቢ ለማለትም ይሳቀቃል። ትንሽና ተጨባጭ ነገር ጠይቂው። አንድ ከሰዓት አብረሽው ዞረሽ ማንን ለምን እንደሚያስቆም ማየት ትችያለሽ? የጥቂት ፎቶዎችን መግለጫ አንቺ ብትጽፊለትስ? ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ የጥለቱን ዓይነት ለይቶ የሚጽፍለት ሰው ማግኘት ለእሱም ትርፍ ነው። በነፃ ስትሠሪ ግን ልክ ይኑረው፤ ስንት ፎቶ እንደሆነና ስምሽ ከሥሩ እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ስለ ፎቶሽ መብት ሳታውቂ እንዳትሄጂ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ተነሺው ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ የሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በአደባባይ ከተደረገ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ፎቶ። አንቺ ቆመሽ ለብቻሽ የተነሳሽው ግን የአንቺ ጉዳይ ነው። የት እንደሚያወጣው፣ ለልብስ ሻጭ ማስታወቂያ አሳልፎ ይሰጠው እንደሆነ ጠይቂውና መልሱን በቴሌግራም በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። ቀድሞ ያወጣቸውን ሥራዎች እዪ። ቀጠሮው በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ ይሁን፤ እህት ወይም ጓደኛ ይዘሽ ብትሄጂ ማንም አይቀየምሽም። ገንዘብ ክፈዪ ካለሽ ወይም ቤቴ ፎቶ ላንሳሽ ካለሽ ቡናሽን ጠጥተሽ ተነሺ።

አንቺም ሰው ማንሳት ጀምሪ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ጥር 11 ጃንሜዳ ከመዋል የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ሽሮ ሜዳም፣ መርካቶ ሳልቫጅ ተራም ሂጂ። ካነሳሻቸው ላይ ፈቅደውልሽ መግለጫ የጻፍሽላቸውን አሥር ያህል ምረጪና በአንድ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው። ከጦማሪው ጋር ያደረግሽው ቃለ ምልልስ ሲወጣ ማገናኛውን እዚያው ጨምሪ። ይህን ፋይል በእጅ የተሸመነ ልብስ ለሚሠሩ የአዲስ አበባ ዲዛይነሮች፣ ለማስታወቂያ ድርጅቶችና ለፊልም አልባሳት ክፍሎች መላክ ትችያለሽ። ለእያንዳንዱ ተቀባይ የራሱን ደብዳቤ ጻፊ፤ ከሥራቸው የትኛውን እንዳየሽና ስለ ጨርቁ ምን እንዳስተዋልሽ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ይግባ። ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ብትልኪልኝ አይቼ እመልስልሻለሁ።